አጥንት የለበሰው ኩታ

ሙሴው ከቆላ ያመጣቸውን አውሬዎች ለከተማው ሰው ሊያሳይ ነው በተባለ ጊዜ፣ እኔ ባለትዳር ልሁን መበለት ገና አልለየልኝም ነበር። ባሌ ከዚሁ ፈረንጅ ጋር በአጃቢነት ወርዶ አልተመለሰም። አብረውት የወረዱት ሰዎች ግን ተመለሱ፤ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሰፍረው ሳለ ደራሽ ውሃ መጥቶ እንደወሰደው፣ ሬሳውንም ፈልገው እንዳጡት አወሩ። አወሩ ነው እንጂ አረዱን አልልም። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ የሚናገረው ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አማቴ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም። የልጄ የሆነ አንዳች ነገር እጄ ይግባና ያኔ ኑ» ብለው መለሷቸው።

የአማቴ ባል ከሸዋ ከመጣው ሠራዊት ጋር ሐረር የገቡ ወታደር ነበሩ፤ ልጃቸው ሳይጎረምስ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አማቴ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። እኔም አልወለድኩለትም። ከሸዋ በር ውጪ ባለችው ቤታችን ሁለት ሴቶች ቀረን። ፀጉሬን አልተላጨሁ፣ ጥቁር አልለበስኩ። ቅቤ ብቀባ ነውር፣ ባልቀባ ሟርት። ውሃ ስቀዳ የሚያገኙኝ ሴቶች ሰላምታው ራሱ ይቸግራቸው ነበር፤ «እንዴት ነሽ» ብለው ይጀምሩና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊሉ ሲቃጣቸው መሃል ላይ ይቀራሉ። እኔም አላገዝኳቸውም።

ስለራሴ ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ እል ነበር። ውሸት አልነበረም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወጡ ጨው ሲያንሰው አውቃለሁ። ብቻ ነገሩ ሁሉ ከእኔ ራቅ ብሎ የሚካሄድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንጨት ስፈልጥ ጣቴን መታሁት፤ መቁሰሌን ያወቅሁት መሬት ላይ ደሙን አይቼ ነው። ድሮ ነገረኛ ነበርኩ፣ ምላሴ አያርፍም። እሱም «ይቺ ሴትዮ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አሁን ጎረቤት ሆን ብሎ ቢነካካኝ እንኳ መልስ አይመጣልኝም።

ሙሴው የተከራየው ጀጎል ውስጥ ከአንድ የሐረሪ ነጋዴ ቤት ነው። አውሬዎቹን በግመል ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ባሕር ወስዶ አገሩ ላለ ትልቅ ቤት ሊያስረክብ ነው አሉ፤ እዚያ ሰው እየገባ የሞተ አውሬ ሲያይ ይውላል። መጀመሪያ መኳንንቱ ገብተው አዩ፤ ከዚያ ወንዶቹ። ሴቶች ደግሞ «እኛስ?» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ የሴቶች ቀን ተለየ። አማቴ ያን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉና «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ። ሰውየውን ሊረግሙት መሰለኝ። አልጠየቅኋቸውም።

በር ላይ የተቀበሉን የቤቱ እመቤት ነበሩ። ከአማቴ ጋር በገበያ ይተዋወቃሉ፤ ቤታቸውን ባላቸው አከራይቶባቸው እሳቸው ከግቢው ጓሮ ገብተው ነበርና ብሶተኛ ሆነዋል።

«እሜቴ፣ የአላህ ያለህ በሉ!» አሉ እጃቸውን እያማቱ። «አባቴ ቁርኣን ሲቀራበት የኖረ ነደባ ላይ ዋራባ አስቀመጠብኝ። ማታ በግንቡ ቀዳዳ የሚገባው አንሶ፣ ይኸው ቀንም ቤቴ ሆኖ ያፈጥብኛል።»

ዋራባ የሚሉት ጅቡን ነው። ሐረሪዎች ቤታቸው ውስጥ በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ አንዱ ካንዱ ከፍ የሚል መደብ አላቸው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ትልቅ ሰው ከላይ፣ ታናሹ ከታች። ሙሴው ይህን ማን ይንገረው፣ አንበሳውን ከታች በሩ አጠገብ፣ ጅቡን ከላይ ከሽማግሌው ቦታ አስቀምጦታል። ሴቶቹ ገና ሲገቡ ያዩት የአውሬውን ጥርስ ሳይሆን ይህንን ነውር ነበር። አንዷ «ምነው ጌቶች፣ ደህና አደሩ?» ብላ ለጅቡ እጅ ነሣችው፤ ሁሉም ሳቁ።

ሳላ ነበር፣ ድኩላ ነበር፣ ክንፋቸው የተዘረጋ ወፎች ነበሩ። ሁሉም ሆዳቸው ውስጥ ጭድ ነው። አንበሳውን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ዓይኖቹ ከብርጭቆ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ እኔ ያያል። ግንባሩን በእጄ ዳሰስኩት። እንደ ቆየ አጎዛ ደርቋል። አንዲት ሴት «አትፈሪም?» አለችኝ። መፍራት እንደነበረብኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አስተርጓሚው ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሲሆን፣ ጅቡን አንድ ጊዜ፣ አንበሳውን አንድ ጊዜ እያሳየ ብዙ ተናገረ። ሙሴው ከኋላው ቆሟል። ቀጭን ነው፤ አፍንጫው በቆላ ፀሐይ ተልጧል። ማን እንደሆንን አላወቀም። ቀጥሎ ወደ ውስጥ፣ ሐረሪዎች ሙሽራ ወደሚያሰነብቱባት ጠባብ ክፍል አስገቡን። እመቤቲቱ «እኔም የተሞሸርኩት እዚህ ነበር» አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም፤ ሁላችንም አጥንቱን እያየን ነበር።

አንድ አጥንት ነው። ቢያቆሙት ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። ሣጥን ላይ አጋድመውታል፤ አንድ ጫፉ ብቻ ተገልጦ ቀሪው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁም በዱቄት ሙቅ ተለስኖ እንደ ግድግዳ ጠንክሯል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፤ አንገቱ ረጅም፣ ጅራቱ ረጅም፣ እግሩ ምሰሶ የሚያክል አውሬ።

«ይህ እንስሳ ዛሬ በምድር ላይ የለም» አለ አስተርጓሚው። «ሰው ሳይፈጠር የኖረ ነው። አንድም አልቀረ፣ ፈጽሞ ጠፍቷል።»

«ሰው ሳይፈጠር ከነበረ ማን አይቶ ሣለው?» አሉ አማቴ።

«ከአጥንቱ ተነሥተው ነው፣ እሜቴ። ሙሴ አንድ አጥንት ካገኙ ሙሉውን ያውቁታል።»

አንዷ ሴት አማተበች። ሌላዋ ደግሞ የጻድቅ አጥንት መስሏት ልትሳለም ጎንበስ ስትል የቤቱ እመቤት በትከሻዋ ያዟት። «ተይ አንቺ፣ የነቢ ኑሕ መርከብ አምልጦት የቀረ አውሬ ነው» አሉ። ሳቅ ሆነ። አማቴ አልሳቁም። ወደ አስተርጓሚው ቀረቡ።

«የት አገኛችሁት?»

«ከቆላ ነው፣ ከደረቅ ወንዝ ዳርቻ። ቆፍሮ ማውጣቱ ብዙ ጊዜ ስለፈጀ እዚያው ወንዙ ውስጥ ሰፍረን ነበር። በኋላ ጎርፍ መጥቶ...» ብሎ አቋረጠ። የአማቴን ፊት አይቶ ይሆናል።

«ጎርፉ ሲመጣ አጥንቱ የት ነበር?»

«አስቀድመን ወደ ጉብታው አውጥተነው ነበር።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዲህ ለጌታህ ንገርልኝ። ሰው ሳይፈጠር የጠፋውን አውሬ ያገኘ ሰውዬ፣ ትናንት አብሮት የበላውን ልጄን እንዴት አጣው?»

አስተርጓሚው መጀመሪያ አልተረጎመም። ሙሴው እጁን ሲይዘው ነው ቀስ ብሎ የነገረው። ሙሴው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባውና በሁለት እጁ ይዞት ቆመ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሃል ዓይኔ ጨርቁ ላይ ነበር። ሰው ሲነጋገር መስማት ሲያቅተኝ አንድ ነገር ላይ ማፍጠጥ ልማዴ ሆኖ ነበር። ከአጥንቱ ጫፍ በደንብ ያልተለጠፈ ቅዳጅ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ጥለት አለው። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ጥቂት ሄዶ ሰማያዊ ይሆናል። ያንን ጥለት አውቀዋለሁ። ለኩታው የሚሆነውን ድር የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ሸማኔው አረንጓዴ ክር አልቆበት፣ ሳይጠይቀኝ በሰማያዊ ጨረሰውና ገበያ መሃል አዋርጄው ነበር። ባሌ «ተይው፣ የሌላ ሰው ኩታ እንዳይመስል ነው» ብሎ ለብሶት ሄደ።

«እሜቴ፣ ይሄ ኩታው ነው» አልኩ። ድምፄ ውሃው ፈላ እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ጥለቱን በጣታቸው አሹት። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና የነጠላቸውን ጫፍ ከዚያ ከተንጠለጠለው ቅዳጅ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩ።

«በንጉሥ አምላክ!» አሉ።

ያኔ የተጣሉ ሰዎች ነጠላቸውን ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ በንጉሥ አምላክ ተብሎ የተቋጠረውን ዳኛ ካልፈታው በቀር ማንም አይነካውም። መቋጠር ግን ከሰው ጋር ነው። አጥንት የቋጠረ ሰው ያየ አልነበረም። ሙሴው ደንግጦ ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሲሰድ፣ በር ላይ የነበረው የራሱ ዘበኛ ሮጦ ያዘው። «ሙሴ ይተዉ፣ ያስቀጣል!» አለው በአማርኛ። አማቴ ከነቋጠሯቸው ከአጥንቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። የቤቱ እመቤት ምንጣፍ አመጡልን።

ዳኛው እስኪመጡ ወሬው ጀጎልን አዳርሶ፣ ግቢው በሰው ጢም አለ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቋል። በጠባቡ በር ተጎንብሰው ገቡና አጥንቱን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ አማቴን አዩ።

«እሜቴ፣ ማንን ነው የከሰሱት?»

«ይኸው፣ አጠገቤ ተኝቷል» አሉ አማቴ። «የልጄን ኩታ ለብሷል። ያውልቅ።»

ዳኛው ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «ፈረንጁን ቢከሱት ኖሮ ቆንስሉ ይገባበታልና እኔ እጄን አላስገባም ነበር» አሉ። «አጥንቱ ግን ያገራችን ተወላጅ ነው። ቆንስል የለውም።» ከደጅ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔም ከንፈር ተንቀሳቅሶ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምስክሯ አንቺ ነሽ አሉ። ኩታው የባልሽ ነው?»

ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገባኝ። አዎ ካልኩ አማቴ ያሉት ነገር እጃቸው ይገባል፤ በነጋታው ሽማግሌዎቹ ደጃችን ናቸው፤ እኔም መበለት ነኝ። ተመሳስሎብኝ ነው ካልኩ ቋጠሮው ተፈትቶ ቤታችን እንገባለን፤ እሱም መንገድ እንደሄደ ሰው ሆኖ ይኖራል። ዳኛው ይጠብቁኝ ነበር። እኔም ውስጤ የሆነ ነገር እንዲነሣ ጠበቅሁ፤ ወይ እንባ፣ ወይ ፍርሃት፣ ወይ እንቢታ። ምንም አልተነሣም።

«አዎ፣ የእሱ ነው» አልኩ፤ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ክር ነገርም ተናገርኩ።

ሙሴውም አልካደም። በአስተርጓሚው በኩል ረጅም ነገር ተናገረ። አጥንቱ ከመሬት ሲወጣ እንዳይፈራርስ ወዲያው መጠቅለል ነበረበት፤ ጨርቃቸው መሃል ላይ አለቀባቸው፤ ሁሉም የየራሱን ልብስ ሲያይ ባሌ ኩታውን አውልቆ በጥርሱ ቀደደው። ጎርፉ የመጣው በማግሥቱ ነው።

«ማን አስገደደው?» አሉ ዳኛው።

አስተርጓሚው እኔን እንዳያይ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ አደረገ። «ማንም አላስገደደውም፣ ጌታዬ። እንደውም እየሳቀ ነበር። ሙሴ አይሆንም ቢሉት፣ ‹ግድ የለም፣ ሚስቴ ሌላ ትፈትልልኛለች› አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የማለቅሰው አሁን እንደሆነ ሁሉም አውቀዋል፤ አንዲት ሴት ልትደግፈኝ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። እኔ በበሩ አሻግሬ ከላይኛው ነደባ ላይ የተቀመጠውን ጅብ አየሁ። የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ፣ ክር እንደሚያከሩ፣ በባዶው ይፋተጉ ነበር። በሌላው እጄ ያዝኳቸው።

ዳኛው ፈረዱ። ኩታው ለእናት፣ አጥንቱ ለሙሴው፤ ከዚህ በላይ ሳይቀደድ እንዲያላቅቀውም ለሙሴው ተነገረው። ሙሴው አጥንቱ ይሰነጠቅብኛል ብሎ ለመነ። ዳኛው «ይህን ያህል ዘመን የጠነከረ ዛሬም ይችለው» ብለው ወጡ። የቤቱ እመቤት ለብ ያለ ውሃ በእንስራ አመጡ። ሙሴው እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከና ጨርቁን በውሃ እያረሰ፣ ሙቁ ሲለሰልስለት ጥቂት በጥቂት ይልጥ ጀመር። ቁስል የሚያጥብ ሰው ነበር የሚመስለው። አልቸኮለም፣ አልተቆጣም። ልጠላው ፈለግሁና ለዚያም አቅም አጣሁ። አማቴ ከነቋጠሯቸው ሆነው ከእጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ፀሐይ ሐኪም ወደሚባለው ጋራ ስታዘነብል ጨረሰ።

ሌላው ጨርቅም አብሮ ተላጦ አጥንቱ ራቁቱን ቀረ። ብዙ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሙሴው ስንጥቁን በጣቱ እየተከተለ ከንፈሩን ነከሰ። አማቴ የኩታውን ቅዳጆች አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና ቋጠሮውን ፈቱ። ቀጥለው ነጠላቸውን ለሙሴው ዘረጉለት። እሱ አልገባውም፤ ሊመልስላቸው ሞከረ።

«ንገረው» አሉት አስተርጓሚውን። «ራቁቱን አገር አቋርጦ አይሂድ። እሱም እናት ነበረችው።»

ሙሴው ሲነገረው ነጠላውን ተቀበለና አጥንቱ ላይ ጣል አደረገው፤ ቀድዶ እንዲጠቀልልበት አማቴ በእጃቸው አሳዩት። እሳቸው ያለ ነጠላ ሊወጡ ሲሉ የቤቱ እመቤት የራሳቸውን ደማቅ የሐረሪ ልብስ አመጡና ትከሻቸው ላይ ጣሉላቸው። «አላህ ሶብር ይስጥዎ፣ እህቴ» አሏቸው። በሸዋ በር ስንወጣ አማቴን የሚያውቋቸው ሰዎች በዚያ ልብስ አይተው አልለዩአቸውም፤ ለእኔ ብቻ ሰላም ይሉና ያልፉ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ አንኳኩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኩታውን በትንሽ ሣጥን አድርገን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀበርነው። የአጥንቱ ብናኝ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ቄሱ ይህ ምንድነው ቢሉ አማቴ «የሞተበት አገር አፈር ነው» አሏቸው። እውነታቸውን ነው። ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ፤ ደረታቸውን ደቁ፤ ሰው ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። እኔ ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስኩ፣ በተባልኩበት ቆምኩ፣ በተባልኩበት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዷ «ምን ዓይነት ደረቅ ናት» ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኳትም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

አርባው ወጥቶ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እንዝርት እያሾርኩ መሆኔን አስተዋልኩ። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ከአጠገቤ ያለው ሙዳይ በተፈተለ ክር ሞልቶ ነበር፤ ስለዚህ ሰንብቼበታለሁ ማለት ነው። ለገበያ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ለገበያ እንዲህ አላቀጥነውም። አማቴ ከውስጥ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ።

«ኩታ።»

ለማን እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ልጃቸውን ለመቅበር አውሬ የከሰሱ፣ ፈረንጅ ያንበረከኩ ሴት ናቸው፤ ሞቷል፣ አርፈሽ ተቀመጪ ሊሉኝ ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከሙዳዩ አንዱን ክር አነሡ፣ ጫፉን ይዘው ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ፣ በክንዳቸው ለኩት።

«ልጄ ረጅም ነው» አሉ። «እንዳታሳጥሪበት።»

አላሳጠርኩበትም።